በሰይጣኑ ሰዓት

አባቴን ብዙ ነገር ይቅር ብዬዋለሁ። መጠጡን፣ ኩርኩሙን፣ ከአራተኛ ክፍል አስወጥቶ ፈረስ አጣቢ ማድረጉን ሁሉ። አንድ ነገር ግን አልማርኩትም። አንድ ቀን፣ ወደቡ ላይ፣ ነጂ ሁሉ እያየ፣ ከጎኑ አስነስቶ ከኋላ ከአንዲት ባዕድ ሴት አጠገብ አስቀመጠኝ።

ይሄ ምኑ ያስቆጣል የሚል ሰው አባቱ ጋሪ ነጂ አልነበረም ማለት ነው። ጋሪ ላይ ከፊት የሚቀመጥና ከኋላ የሚቀመጥ አለ። ከኋላ፣ ከጋሪው ጥላ ሥር የሚቀመጠው ከመርከብ የወረደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ከፊት የሚቀመጠው የቤት ሰው ነው። እኔ የፊት ነበርኩ። ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ፣ ከአባቴ በስተግራ፣ በልጓሙና በትንባሆው ሽታ መካከል፣ የእኔን መቀመጫ ብቻ የምታህል ጠባብ ቦታ ነበረችኝ። በዓለም ላይ የእኔ የምለው እሷን ነበር።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት እማዬ፣ ጁዛ ነው ስሟ፣ ዓይኔ እስኪወጠር ድረስ ፀጉሬን ጎትታ ሠራችኝ። ቀጥላም አንገቱ የሚያሳክከውን የበዓል ቀሚሴን አለበሰችኝ።

"የየትኛው ቅዱስ በዓል ነው?" አልኳት።

"የማንም አይደለም። ቀጥ በዪ።"

ግቢው ውስጥ አባቴ ስቴላን፣ ባዝራችንን፣ አጥቦ ጨርሶ ሰኮናዋን ዘይት ይቀባል። ለሠርግና ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ቀይ ላባ ግንባሯ ላይ ሰክቶላታል። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ፎቅ ላይ ክፍሉን ዘግቶ ለቁርስም አልወረደም። አልጠየቅሁም፤ አያቴ ሲያኮርፍ መጠየቅ በቤታችን ልማድ አልነበረም።

በሩ ላይ እማዬ የአባቴን ክንድ ያዘችው። "ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሳት።"

"ወዴት እወስዳታለሁ፣ አንቺ ሴት?"

"አንተን አይደለም የምፈራው።"

እኔ ስለ ስቴላ የሚያወሩ መስሎኝ፣ "አትስጊ እማዬ፣ ውኃ እኔ አጠጣታለሁ" አልኩ። እማዬ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። የሳቀች መሰለኝ።

ወደቡ ስንደርስ መርከቡ ገብቶ ቆሟል። ከዋና ከተማችን ከቫሌታ ቅጥር ሥር ሌላ ነጭ ቅጥር የበቀለ ይመስል ነበር። ጋሪዎቹ ተሰልፈዋል። የወረፋ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ተራህ ሲደርስ የመጣልህን ትጭናለህ፣ ሰካራም ይሁን መነኩሴ መምረጥ የለም። በዚህ ሕግ ምክንያት በጅራፍ የተገራረፉ ሰዎች አውቃለሁ። አባቴ ግን ተራው ደርሶ አንድ ባልና ሚስት ሲመጡለት "ከኋላ ያለውን ያዙ" አላቸው። ሌሎች መጡ። እነሱንም አሳለፈ።

"ኔኑ!" አለው አባቴን ከኋላችን የቆመው አፈኛው ነጂ ዊስቲን። "ምነው፣ ንግሥቲቱ ራሷ እስክትወርድ ነው? ላባም ሰክተሃል!"

"አፍህን ለፈረስህ አበድረው። እሱ ሲከፍተው ቢያንስ ድርቆሽ ይገባበታል።"

ነጂዎቹ ሳቁ። ዊስቲን መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ዓይኑ የመርከቡ መሰላል ላይ አረፈ። አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን ሰኮና ማየት ጀመረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጎንበስ ጎንበስ አሉ። የሁሉንም ፈረስ በአንዴ ድንጋይ የወጋው መሰለኝ።

ሴትዮዋ ብቻዋን ነበረች። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ፣ ግማሽ ፊት የሚሸፍን ጥቁር መነጽር፣ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ነጭ ጫማ። ቀጥ ብላ ወደኛ መጣች። አባቴ ቆቡን አወለቀ። አባቴ ቆቡን የሚያወልቀው ቅዱስ ቁርባን ሲያልፍና ሲተኛ ብቻ ነበር።

"ሜና፣ ከኋላ ሂጂና ከእመቤቲቱ ጋር ተቀመጪ።"

"ለምን?"

"ብቻዋን ናታ።"

"እና እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ቦታ እዚህ ነው።"

"ሜና!"

ስሜን እንደዚያ ሲጠራኝ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ወርጄ ዞሬ እንደ ሻንጣ ከኋላ ተጫንኩ። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ቦታ ስትለቅልኝ እኔ ወደ ዳር ሸሸሁ። ፊቴን ወደ አባቴ ጀርባ አድርጌ አንገቴን አደረቅሁ። ቀና ብዬ አላያትም ብዬ ማልኩ። እኔ ከማልኩ ማልኩ ነው። ይህን ግትርነት ከማን እንደወረስኩት ያኔ አላውቅም።

ከመንደራችን አንድ ዳቦ ጋጋሪን ከመርከብ የወረደች ሴት አስከትላው ሄደች፣ አልተመለሰም ሲባል ሰምቼ ነበር። እማዬ "አንተን አይደለም የምፈራው" ያለችው አሁን ገባኝ። ይቺ ሴትዮ አባቴን ልትወስድብን ነው የመጣችው። ስለዚህ እጠብቀዋለሁ። ጀርባውን ለአፍታ ከዓይኔ አላወጣም።

አባቴ ለእንግዳ የሚያነበንበው ነበረው፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። የጥንቶቹ የመስቀል ፈረሰኞች የገነቡት ምሽግ፣ ቱርክ የከበበው ግንብ፣ ቦምብ ወድቆበት ያልፈነዳው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። የዚያን ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም። በከተማው በር ወጣን፣ በጉልላቱ ሥር አለፍን። ከጥቂት መንገድ በኋላ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ታናግረኝ ጀመር። የእኔ እንግሊዝኛ የወደብ ነበር፤ ቁጥር፣ ሰዓት፣ "እንኳን ደህና መጡ" እና "ፈረሷ አትራገጥም"። እሷ ቀስ ብላ ትጠይቃለች፣ እኔ ለአባቴ ጀርባ እመልሳለሁ።

"ምን ትወጃለሽ?"

"ፈረስ።"

"ሌላስ?"

"አባቴን።" ይህን ጮክ አድርጌ ነው ያልኩት። "የእኔ አባት ነው።"

"ነው" አለች። "ጥሩ አባት ነው።"

ድምፅዋ ቀጥኖ ተቆረጠ። ጉንፋን የያዛት መሰለኝ።

ዛሬ ያንን መንገድ በየቀኑ እነዳዋለሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። ባሕሩ፣ ግንቡ፣ ጉልላቱ፣ ሰው ከፍሎ የሚያየው ነገር ሁሉ፣ በእሷ ወገን ነበር ያለው። እኔ በተቀመጥኩበት ወገን ካብና የደረቀ ማሳ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደኔ ወገን ዞራ ነበር።

ቀትር ላይ ከባሕሩ በላይ ካለ አንድ ካብ ሥር ቆምን። አባቴ ዳቦ አወጣ፤ ቲማቲም ታሽቶበት ዘይት የጠጣ፣ በመሐሉ ዓሣ ያለበት። ካቡ ላይ የበሰለ የቁልቋል በለስ ተደርድሯል። ከመርከብ የወረደ ሰው በለስ ሲያይ እጁን ሰዶ ይጨብጠዋል፤ ከዚያ እሾህ ሲለቅም ይውላል። እኛ የነጂ ልጆች ይህን ከማየት የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረንም።

"እመቤት፣ ብዪ እንጂ!" አልኳት፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ።

ባርኔጣዋን አወለቀች። በገለባው ጠርዝ ፍሬውን ያዝ አድርጋ ጠምዝዛ ቀጠፈችው። መሬት ላይ በጫማዋ አንከባልላ እሾሁን አረገፈች። እጇን ስትዘረጋ አባቴ ቢላውን አቀበላት። ሁለቱን ጫፍ ቆርጣ በአንድ ስንጥቅ ልጣጩን ገለበጠችና ለእኔ ሰጠችኝ።

ምን ዓይነት ዕድለኛ ሴት ናት ብዬ በገንኩ። የተቆጣ ልጅ አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም።

ስበላ ዘይቱና የበለሱ ጭማቂ አገጬ ላይ ወርዶ ኖሮ፣ የመሐረቧን ጫፍ በምራቋ ነክራ ጠረገችልኝ። እኔ በእጅጌዬ ደግሜ ጠረግሁት። አባቴ "ሜና!" ሊል ሲል እሷ በእንግሊዝኛ "ተዋት" አለችው። እንዲያ ብላ ስታዘው ዝም አለ። እማዬ ብታዘው ኖሮ ቤቱ ይፈርስ ነበር። ይሄ ሰውዬ ተይዟል፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ አባቴ ጋሪውን ወደ መንደራችን አዞረ። እንግዳ ይዞ ወደዚያ ሄዶ አያውቅም።

"አባ፣ መንደራችን ምን የሚታይ አለ?" አልኩት።

ስቴላን በልጓሙ ነካ አድርጎ አፋጠናት።

ሰዓቱ መንደሩ ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛበት ነበር። አደባባዩ ላይ ከአንድ ውሻ በቀር ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ቆመ። ከዚያ ሆኖ የቤታችን አረንጓዴ በርና ከበላዩ የአያቴ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል።

"ውረጂ" አላት አባቴ በእንግሊዝኛ። "ማንም የለም። ሁሉም ተኝቷል።"

"አልወርድም። ቃል ቃል ነው።"

ቃል ያለችው አልገባኝም። አልወርድም ያለችው ግን ገብቶኛል። ቁልቁል አፈራችንን አየችው፤ እግሯን ከጋሪው መርገጫ ላይ መልሳ ሰበሰበችው። ነጭ ጫማዋ አቧራ እንዳይነካው መሆኑ ነው! የኛ አፈር ለእሷ ጫማ አይመጥንም ማለት ነው! እዚያው ገፍቼ ብጥላት በወደድሁ።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልናገር። ቤተ ክርስቲያናችን በማልታ እንዳሉ ብዙዎቹ ሁለት ሰዓት አላት። የቀኙ እውነተኛ ነው፤ ይሄዳል፣ ይደውላል። የግራው ግድግዳው ላይ በቀለም የተሣለ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ስምንት ሰዓት ነው። እሱ ለሰይጣን ነው። ነፍስ ሊሰርቅ ሲመጣ ጊዜው እንዲምታታበት። በመንደራችን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ በግራው አይታለልም።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። በሩን አየች። መስኮቱን አየች። ቀና ብላ ሰዓቱን አየች። የግራውን።

"ገና ስምንት ሰዓት ነው" አለች።

የቀኙ ወደ አሥር ተጠግቷል። መርከቡ አሥራ አንድ ላይ ይነሣል። አባቴ፣ የዘገየ እንግዳ እናቱ ብትሆን የማይራራላት አባቴ፣ ቀና ብሎ ያንኑ የግራውን አየና፣ "ገና ነው" አለ። "ብዙ ጊዜ አለን።"

"አባ! እሱ እኮ የሰይጣን ነው! የቀኙን እይ! መርከቡ ጥሏት ይሄዳል!"

"ዝም በዪ፣ ሜና።"

"እሷስ ባዕድ ናት፣ ትታለል፤ አንተ ግን እያወቅህ..."

"ዝም በዪ አልኩሽ። ገና ነው።"

ሰማይ ተደፋብኝ። አባቴ ሊያስቀራት ነው። ለእሷ ብሎ በሰይጣኑ ሰዓት ገባ። ከዚያ ወዲያ እድሜዬን ሙሉ ስናደድበት የኖርኩት ይህንንም ነው፤ ከቦታዬ ማስነሣቱ ሳያንስ እዚያ አደባባይ ላይ፣ በቤታችን ፊት፣ ዓይኔ እያየ ዋሸ።

ተቀመጥን። ስቴላ ጅራቷን ትወዘውዛለች። ሴትዮዋ እጇን መቀመጫው ላይ፣ በእኔና በእሷ መካከል አኖረች፤ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። ከዓይኔ ጥግ አይቼዋለሁ። እኔ በሁለት እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው።

ከላይ የመስኮቱ መከለያ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። እማዬ ናት፣ አባቴን እየሰለለች ነው ብዬ ተጽናናሁ። መከለያው እዚያ እስካለን ድረስ እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ የቀኙ ደወለ። ደወል አይታለልም። አባቴ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ልጓሙን አነሣና ስቴላን ገርፎ አስጋለባት። ገርፏት አያውቅም ነበር።

ወደቡ ስንደርስ መሰላሉ ሊነሣ ምንም አልቀረው። እኔ ዘልዬ ወርጄ ከመንኮራኩሩ ኋላ ተሸሸግሁ፤ ከመርከብ የወረዱ ሴቶች ሲሰናበቱ ልጅ መሳም ይወዳሉና። ሴትዮዋ ቆማ ጠበቀች። አልወጣሁም። ስትጠብቅ ቆይታ ወደ ስቴላ ሄደችና ግንባሯን በአንገቷ ላይ ጣለች። ስቴላ ከእኛ በቀር ለማንም አታንኮራፋም፤ ለእሷ አንኮራፋችላት። ያቺን ባዝራ ውርንጭላ ሳለች ማን እንዳሳደጋት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

መርከቡ ከወደቡ አፍ እስኪወጣ ነጂዎቹ ቆባቸውን ይዘው ቆሙ። ዊስቲን ወደ አባቴ መጣ። ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ፣ "ሂድ ኔኑ፣ ወደ ቤትህ ግባ" አለው ብቻ። ከፊት ወጥቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሄደች!" አልኩት።

"ሄደች።"

"እንኳን ሄደች።"

አባቴ ነዳ። ቤት ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ስቴላን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ እኔን ከጋሪው ላይ መንጭቃ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈችኝ። አባቴን ስላስመለስኩላት የምታመሰግነኝ መሰለኝና ኮራሁ።

አባቴ ሲሞት ልጓሙን እኔ ያዝኩ። ሴት ጋሪ አትነዳም አሉ። ወረፋው ላይ ቆሜ "ማን ነው የሚያስወርደኝ?" አልኳቸው። ያወረደኝ የለም። አንድ ቀን ማሰሪያ እየሰፋሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያንን ቂም ለእማዬ አነሣሁባት። እማዬ አርጅታ ነበር፤ ያረጀ ሰው የተሸከመውን ማስቀመጥ ይፈልጋል።

"ያቺ ባዕድ አይደለችም" አለችኝ። "ቸታ ናት፤ የኔኑ ታናሽ እህት። የወለደችሽ እሷ ናት። እኔ አልወለድኩሽም።"

መርፌው እጄ ላይ ቆመ።

"ባል አልነበራትም። አያትሽ በዚያ በር አውጥቶ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ እግርሽ የዚህን መንደር አፈር እንዳይረግጥ ብሎ አስማላት። አንቺን ለእኛ ሰጥታ ወደ አውስትራሊያ ተሳፈረች። እኛም ልጅ አልነበረንም። በስምንተኛው ዓመት ላከችብን፤ ለአንድ ቀን በመርከብ አልፋለሁ፣ ከጋሪ ሳልወርድ ልያት ብላ። ይዛሽ የምትሄድ መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር የዋለችው።"

"ከመስኮቱ ሆነሽ ስታይን ነበር" አልኳት።

"እኔ? እኔ ጓሮ፣ የውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቼ እያለቀስኩ ነበር። ያ የአያትሽ መስኮት ነው።"

እማዬ የቸታን የስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቀው ነበር። ነገረችኝ። እኔም ያዝኩት፤ አልደወልኩም። ከፈለገችኝ እሷ ትደውል አልኩ። እማዬ "እንደ ሁለት በቅሎ ናችሁ" አለች። እሷንም ቀበርናት፤ ከዚያም በኋላ ዓመታት አለፉ፤ አልደወልኩም። ቂሜ ሰፍቶ ለሙታኑም ለሕያዋኑም ተዳረሰ። ከሁሉም ግን ያ "ገና ነው" የሚለው የአባቴ ውሸት አንገቴ ላይ እንደ በዓል ቀሚሱ ያሳክከኝ ነበር።

ባለፈው በጋ የቤተ ክርስቲያናችን ፊት ቀለም ተቀባ። ጋሪዬን ጥላው ሥር አቁሜ ዳቦዬን እየበላሁ፣ ከመሰላሉ አናት ቀቢው ልጅ ጮኸ።

"እትዬ! ይሄ የግራው ተልጦ ጠፍቷል! ስንት ሰዓት ነበር?"

"ስምንት!" አልኩት። "ሁልጊዜ ስምንት ነው!"

"አይ፣ የውሸት ከሆነ ምን ለውጥ አለው፣ ደስ ያለኝን ልሣልበት?"

"ትሰማኛለህ አንተ ልጅ? ስምንት ነው አልኩህ! ሌላ ብትሥል መሰላሉን ከሥርህ ነው የምወስደው!"

ሳቀ። እኔ ግን ዳቦዬን አስቀመጥኩ። በዚህ መንደር ጡት ያልጣለ ሕፃን በግራው አይታለልም። አባቴ እዚያ ሥር ነው ክርስትና የተነሣ። እሷም እዚያው ሥር። ሁለቱም ያውቁ ነበር። እሷ ተታለለች፣ እሱ ዋሸ ብዬ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የተታለለ ግን ማንም አልነበረም። ሰይጣንን ለማሞኛ የተሣለውን ሰዓት ሁለት እህትና ወንድም ቀና ብለው አዩና፣ እውነት ቢሆንልን አሉ። ውሸት አልነበረም። ጸሎት ነበር።

የስቴላን የልጅ ልጅ፣ አሁን የምነዳትን፣ ወደ ቤት መራኋት። ላባውን ከሳጥን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከዚያ ደወልኩ። ብዙ ጠራ።

"ማን ልበል?" አለች በእንግሊዝኛ። የአሮጊት ድምፅ።

"ሜና ነኝ" አልኩ በአገራችን ቋንቋ። "የኔኑ ሜና።"

በቋንቋችን፣ ዝገት በያዘው ቋንቋችን፣ "ጆሮሽ ደህና ነው?" አለችኝ።

"ምን?"

"ጆሮሽ። ያን ቀን ካንቺ የደረሰኝ አንድ ጆሮ ነው። ቀኑን ሙሉ እሱን ነው ያየሁት። ከታች ትንሽ ጠቃጠቆ አለችው።"

እጄን ሰድጄ ዳበስኩት። አለች። እኔ እንኳ አላውቃትም ነበር።

"ነይ" አልኳት። "ያስማለሽ ሰውዬ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው። እንደዚያን ቀን ጋሪ ላይ አላስቀርሽም፣ በእግርሽ ትወርጃለሽ። ከፊት፣ ከጎኔ ነው የምትመጪው። ቦታ አለ።"

"ልጄ" አለች። ትንፋሿ በጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። "ልጄ፣ አሁንማ ለእኔ መሽቷል።"

"የትኛውን ሰዓት አይተሽ ነው?" አልኳት።